እስትንፋስ ሲያጥር «ደህና ነን» አይባልም

በዚህ ዓምድ አብዛኛውን ጊዜ የምንነጋገረው ስለ ቢቱዋሕ ሌኡሚ፣ ስለ ቤት ብድርና ስለ ልጆች ትምህርት ነው። ዛሬ ግን ስለ አስም፣ በተለይም አስም በድንገት ሲነሳ ፈጥኖ ሕክምና ስለ ማግኘት እንነጋገራለን። ለዚህ ያነሳሳኝ አንዲት እናት ከላግ ባዖሜር በዓል በኋላ ቢሮዬ መጥተው የነገሩኝ ነገር ነው። ስማቸውንና ከተማቸውን አልጽፍም፤ ታሪኩ ለሌላው ትምህርት እንዲሆን ግን ፈቅደውልኛል።

የእኒህ እናት ልጅ የ8 ዓመት ልጅ ነው፤ አስም ካለበት ቆይቷል። በላግ ባዖሜር ማታ ከክፍሉ ልጆች ጋር መዱራ፣ ማለትም እሳት ወደሚነድበት ሜዳ ሄዶ እያሳለ ተመለሰ። ወደ እኩለ ሌሊት ደረቱ ሲር ሲር ማለት ጀመረ። ቬንቶሊኑን ሁለት ጊዜ ነፉለት፤ ጥቂት ተሻለውና መልሶ ባሰበት። መተኛት ስላቃተው አልጋው ላይ ጎንበስ ብሎ ተቀመጠ። አባትየው የሌሊት ሥራ ላይ ነበሩ። ለቤቱ ዕብራይስጥ የምትናገረው የ12 ዓመት እኅቱ ተኝታለች። ባለፈው ዓመት ደግሞ አምቡላንስ ጠርተው በኋላ የመጣው የክፍያ ደብዳቤ አስደንግጧቸዋል። ስለዚህ «እስኪነጋ እንታገሥ» አሉ።

ሊነጋ ሲል ጎረቤት በመኪናው ወደ ሆስፒታል ወሰዳቸው። በሚዩን መግቢያ ላይ ነርሷ በዕብራይስጥ «ማ ሽሎሞ?» ብላ ጠየቀች፤ እንዴት ነው ማለቷ ነው። እናትየውም «ባሩኽ ሃሼም፣ በሴዴር» ብለው መለሱ። ነርሷም ተቀመጡ አለቻቸው። ተቀመጡ። ልጁ አላለቀሰም፣ አልተወራጨም፤ ሲር ሲር የሚለው ድምፅም ጠፍቶ ነበር። እናትየው ተሻለው ብለው ፈጣሪን አመሰገኑ። እንደ እድል ሆኖ ወለል የምታጸዳ አንዲት የእኛው አገር ሴት በአጠገባቸው ስታልፍ የልጁ አንገት ሥር በትንፋሹ ቁጥር ወደ ውስጥ ሲሰረጉድ አየች። መጥረጊያዋን ጥላ ነርሷን ጠራች። ወዲያው ወደ ውስጥ አስገቡት፣ ኦክስጅን ሰጡት፤ 4 ቀንም ተኝቶ ታከመ። ዛሬ ደህና ነው።

«ለምን በሴዴር አሉ?» ብዬ ስጠይቃቸው የመለሱልኝን አልረሳውም። «ልጄ፣ ሰው እንዴት ናችሁ ሲል አስቀድሞ ፈጣሪን ማመስገን ነው እንጂ፣ ገና በሩ ላይ ማማረር ይገባል ወይ?» አሉኝ።

አስተዳደጋችን ይኸው ነው። እናትየው ጨዋ ስለሆኑ ጨዋ መልስ ሰጡ። ነገር ግን በሚዩን በር ላይ «ማ ሽሎሞ» ሰላምታ አይደለም፤ የሕክምና ጥያቄ ነው። መልሱ ይጻፋል፤ ማን አስቀድሞ እንደሚገባም በከፊል የሚወሰነው በዚያ መልስ ነው። ነርሷም የልጁን ደረት ገልጣ ማየት ይገባት ነበር፤ ይህን አልክድም። ሆኖም የነርሷን ሥራ እኛ ልንሠራ አንችልም። የእኛ ድርሻ በአፋችን ላይ ያለው ቃል ነው።

በደረት ውስጥ ምን ይሆናል?

አስም ያለበት ሰው የአየር ቧንቧው ቁጡ ነው። ጉንፋን፣ ጭስ፣ አቧራ፣ የአበባ ብናኝ ወይም ብርድ ሲነካው ሦስት ነገር በአንድ ላይ ይሆናል። በቧንቧው ዙሪያ ያለው ጡንቻ ይኮማተራል፤ የውስጡ ሽፋን ያብጣል፤ አክታም ይሞላዋል። በጠበበው ቧንቧ አየር ሲያልፍ ነው ያ ሲር የሚለው ድምፅ የሚሰማው።

ቬንቶሊን የሚያላቅቀው ጡንቻውን ነው፤ የሚሠራውም በደቂቃዎች ውስጥ ነው። እብጠቱን ግን አያጠፋውም። ለእብጠቱ ሐኪሞች የሚሰጡት የስቴሮይድ መድኃኒት፣ ለምሳሌ ፕሬድኒዞን፣ ሥራውን ለመጀመር ሰዓታት ይፈልጋል። «እስኪነጋ እንታገሥ» ማለት አደገኛ የሚሆነው ስለዚህ ነው። በሌሊት ያባከንናቸው 5 ሰዓታት መድኃኒቱ ሊሠራባቸው የሚገቡ ሰዓታት ነበሩ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

መጠበቅ የማይገባው መቼ ነው?

ከሚከተሉት አንዱ ከታየ ወዲያው 101 ይደወል፦

1. ሰውዬው ትንፋሽ ሳያቋርጠው አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ሲያቅተው፤ ሕፃን ከሆነ መጥባት ወይም ማልቀስ ሲያቅተው።
2. በጎድን አጥንቶች መካከልና በአንገት ሥር ያለው ቆዳ በትንፋሽ ቁጥር ወደ ውስጥ ሲሰረጉድ።
3. ቬንቶሊን ተሰጥቶት ሳይሻለው ሲቀር፣ ወይም ተሽሎት ብዙ ሳይቆይ ሲመለስበት።
4. ሲያንቀላፋ፣ ግራ ሲጋባ ወይም ሲዝል።
5. ሲር ሲር ይል የነበረው ደረት ድምፁን አጥፍቶ ሰውዬው ግን አሁንም ለመተንፈስ ሲታገል። ይህ መሻል አይደለም። አየር ማለፍ ስላቆመ ድምፁም ቆሟል ማለት ነው። ከሁሉ የሚያስፈራው ምልክት ይህ ነው።
6. ከንፈር ሲጠቁር ወይም ሰማያዊ ሲመስል።

በመጨረሻው ላይ አንድ ነገር ልጨምር። በእኛ የቆዳ መልክ ላይ የከንፈር መለወጥ በቀላሉ አይታይም። ስለዚህ የከንፈሩን ውስጥ፣ ድዱን፣ ምላሱንና የጥፍሩን ሥር ተመልከቱ። በጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያም ቢሆን በጥቁር ቆዳ ላይ አንዳንድ ጊዜ ከእውነተኛው ከፍ ያለ ቁጥር ያሳያል፤ ይህም በ2020 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) በአሜሪካ በታተመ ጥናት በግልጽ ታይቷል። እንግዲህ ቁጥሩ ጥሩ ሆኖ ልጁ እየታገለ ከሆነ «ቁጥሩ ጥሩ ነው» ቢባልም እንኳ የምታዩትን ከመናገር ወደኋላ አትበሉ።

አምቡላንስ እስኪመጣ

በሽተኛውን ቀጥ አድርጋችሁ አስቀምጡት እንጂ አታስተኙት። ልብሱን አላሉለት። ሐኪሙ የጻፈው መመሪያ ካለ በእርሱ ሂዱ። መመሪያ ከሌለ በአውስትራሊያ ለሕዝብ የሚሰጠው የመጀመሪያ እርዳታ ደንብ ለማስታወስ ይቀላል፤ አራት፣ አራት፣ አራት ነው። ቬንቶሊኑን ወዝውዞ በመንፊያው ቱቦ፣ ማለትም በስፔይሰር አንድ ጊዜ መንፋት፤ በሽተኛው 4 ጊዜ ይተንፍስበት። እንዲህ እያደረጉ አንድ በአንድ 4 ጊዜ ይነፋል። ከዚያ 4 ደቂቃ ይጠበቃል። ካልተሻለው አምቡላንስ ይጠራል፤ እስኪደርስም ይኸው ይደጋገማል። ከላይ የተዘረዘሩት የአደጋ ምልክቶች ካሉ ግን አስቀድሞ ይደወል፤ መንፋቱ ከዚያ ይቀጥላል።

አንዳንድ ወላጆች «ቬንቶሊን ሱስ ይሆናል፤ ልብ ያደክማል» ሲሉ እሰማለሁ። ሱስ አይሆንም። ለጥቂት ጊዜ እጅ ሊያንቀጠቅጥና ልብ ሊያስመታ ይችላል፤ ያም ያልፋል። ይልቅስ የባሕር ዛፍ ቅጠል ማጠን፣ ጭስ ማጨስ ወይም በፈላ ውኃ እንፋሎት ማፈን የተቆጣውን ቧንቧ ይብስ ያስቆጣዋል።

ወዴት ይኬዳል?

ሕመሙ የጀመረው ቀን ከሆነና የአደጋ ምልክት ከሌለ ወደ ቤተሰብ ሐኪም ወይም ወደ ሕፃናት ሐኪም ይኬዳል። ቶር የለም ቢባል «ዳሑፍ» በሉ፤ አስቸኳይ ማለት ነው። ማታና በበዓል የኩፓት ሆሊሙ ሞኬድ አለ፤ በዚያም ኢንሃላጽያ ይሰጣል። የአደጋ ምልክት ካለ ግን ከሞኬድ ወደ ሞኬድ መዞር አያስፈልግም፤ 101 ነው። የጎረቤት መኪና በመንገድ ላይ ኦክስጅን የለውም፤ አምቡላንሱ ግን ሕክምናውን ይዞ በራችሁ ድረስ ይመጣል።

ምን ይባላል?

ይህን ቆርጣችሁ በማቀዝቀዣው በር ላይ ለጥፉት። ዕብራይስጡ በፊደላችን ተጽፏል፦

ለወንድ ልጅ፦ «ሃዬሌድ ሼሊ ሎ ኖሼም ቶቭ። ዬሽ ሎ አስትማ።» (ልጄ በደንብ አይተነፍስም፤ አስም አለበት።)
ለሴት ልጅ፦ «ሃያልዳ ሼሊ ሎ ኖሼሜት ቶቭ። ዬሽ ላ አስትማ።»
ስለ ራስ፦ «ዬሽ ሊ አስትማ። ካሼ ሊ ሊንሾም።» (አስም አለብኝ፤ መተንፈስ አቃተኝ።)
«ናታቲ ቬንቶሊን፣ ዜ ሎ ዓዛር።» (ቬንቶሊን ሰጥቻለሁ፣ አልረዳም።)
«ቤቫካሻ፣ ሚሼሁ ሼመዳቤር አምሃሪት።» (እባካችሁ፣ አማርኛ የሚናገር ሰው።)

ከዚህ በታች ከተማችሁን፣ የመንገዱን ስም፣ የቤት ቁጥሩን፣ መግቢያውንና ፎቁን ጻፉበት። ሰው ሲደነግጥ የራሱን አድራሻ ይረሳል። በተጨማሪም የመድኃኒቶቹን ስም፣ መድኃኒት የማይስማማው ከሆነም ያንኑ ጻፉ።

ሌላም ነገር አለ። ትልልቆቻችን እስትንፋስ ሲያጥራቸው «ልቤን አፈነኝ» ይላሉ። ይህ ቃል በቃል ወደ ዕብራይስጥ ሲተረጎም ሐኪሙ የልብ ሕመም ነው ብሎ ወደዚያ ይሮጣል። ስለዚህ «ደረቴን አፈነኝ፣ አየር አጠረኝ» ብትሉ ይሻላል። «ማ ሽሎሞ» ስትባሉም ምስጋናውን በልባችሁ አድርጉት፤ በአፋችሁ ግን በቀጥታ «ሎ በሴዴር። ሁ ሎ ኖሼም ቶቭ» በሉ። ደህና አይደለም፣ በደንብ አይተነፍስም ማለት ነው። ፈጣሪ አይቀየምም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለውም የአባቶቻችን ቃል ነው።

ልጅ አስተርጓሚ አይሁን

እኔም በ9 ዓመቴ ለእናቴ አስተርጓሚ ነበርኩ። ሐኪሙ ከተናገረው ግማሹ ስላልገባኝ ዘለልኩት፤ ሌላውን ግማሽ ደግሞ እናቴ እንዳትደነግጥ ቀነስኩት። ማንም አላወቀብኝም። አስም ላይ ደግሞ ይብሳል፤ ብዙ ጊዜ አስተርጓሚው ልጅ ራሱ በሽተኛው ነውና ትንፋሽ አጥሮት መናገር አይችልም።

የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ2011 ባወጣው መመሪያ ሆስፒታሎችና ኩፓት ሆሊሞች ለሕዝቡ በቋንቋም በባህልም የተመቹ እንዲሆኑ አዟል። ስለዚህ አስተርጓሚ መጠየቅ ልመና አይደለም። በስልክ የሚያስተረጉም ሰው እንዲያገናኟችሁ ጠይቁ። በአንዳንድ ክሊኒኮች ደግሞ ከእኛው ማኅበረሰብ የሆኑ መጋሽሪም አሉ። በቀኑ ሰዓት ሄዳችሁ ተዋወቋቸው፤ ስለ ልጃችሁ አስምም አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

ስለ ገንዘብ

ብዙ ሰው በሌሊት የሚያስታግሠው የክፍያ ፍርሃት ስለሆነ ይህን በጥንቃቄ አንብቡ።

አንደኛ፣ በ1996 የወጣው የበሽተኛ መብት ሕግ እንደሚለው በአስቸኳይ የሕክምና ሁኔታ ላይ ያለ ሰው ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ ሕክምና የማግኘት መብት አለው። ገንዘብ የለኝም ብላችሁ ከበር አትመለሱም።

ሁለተኛ፣ ከሐኪም ወይም ከሞኬድ ሃፍናያ፣ ማለትም የመላኪያ ደብዳቤ ይዞ ወደ ሚዩን የሄደ ሰው የሚዩኑን ክፍያ ኩፓት ሆሊሙ ይሸፍንለታል። ያለ ሃፍናያ ሄዶ ሆስፒታል ተኝቶ የታከመ ሰውም አይከፍልም። ያለ ሃፍናያ ሄዶ ሳይተኛ የተመለሰ ግን ክፍያ ሊጠየቅ ይችላል። በአምቡላንስ ተወስዶ ሆስፒታል የተኛ ሰውም የአምቡላንሱን ወጪ ኩፓት ሆሊሙ ይከፍልለታል።

ሦስተኛ፣ ደብዳቤ ሲመጣ መሳቢያ ውስጥ አትደብቁት። እኒያ እናት ያለፈውን ዓመት ደብዳቤ ሲያሳዩኝ ልጁ ያን ጊዜም ተኝቶ ታክሞ ነበር። ወረቀቱን ከሆስፒታሉ የመውጫ ደብዳቤ፣ ከሚኽታቭ ሺሕሩሩ ጋር አድርጎ ወደ ኩፓት ሆሊም መውሰድ ብቻ ነበር የቀረው። የሚነግራቸው ሰው ስላላገኙ ከኪሳቸው ከፈሉ፤ በሚቀጥለው ጊዜም በዚያው ፍርሃት ልጃቸውን እስኪነጋ አቆዩት። ስለዚህ ደብዳቤውን ወደ ማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮ ወይም ወደ ኩፓት ሆሊሙ ጸሐፊ አምጡት። ዕዳው ሳይታይ ቆይቶ ወደ ሆጻአ ላፖዓል ሲደርስ ነው ሥራው የሚከብደው።

ስለ ሰንበት

በአባቶቻችን አገር የሰንበት ክብር ታላቅ ነበር፤ እሳት አይነድም፣ ሩቅ መንገድም አይኬድም ነበር። ዛሬም ሰንበት ሳይወጣ ስልክ ማንሳት የሚከብዳቸው ሽማግሌዎች አሉን። ነገር ግን ፒኩዋሕ ኔፌሽ፣ ነፍስን ማዳን፣ ሰንበትን ይሽራል። በዚህ ላይ ረቢዎች ሁሉ አንድ ቃል ናቸው፤ መደወልም በመኪና መሄድም ተፈቅዷል ብቻ ሳይሆን ግዴታ ነው። አንድ ቄስ ለሽማግሌዎች ሲናገሩ እንደሰማሁት «ሰንበትን የሚያከብር ሰው እኮ ሕያው መሆን አለበት»።

ከሆስፒታል ስትመለሱ

የተሻለው ልጅ የዳነ ይመስላል፤ እብጠቱ ግን ገና አለ። የታዘዘው ፕሬድኒዞን ወይም ተመሳሳዩ መድኃኒት ለልጆች አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ቀን የሚሰጥ ስለሆነ ሐኪሙ እስካለው ቀን ይጨረስ። በ2 ወይም በ3 ቀን ውስጥ ወደ ቤተሰብ ሐኪም መመለስ ያስፈልጋል። በዚያን ቀን ሁለት ነገር ጠይቁ፤ በየቀኑ የሚወሰድ መከላከያ መድኃኒት ያስፈልገዋል ወይ? ሲነሳበት ምን እንደምናደርግ በጽሑፍ ይሰጡናል ወይ?

የየቀኑ መድኃኒት ሲሻለው የሚተው አይደለም፤ የተሻለው በእርሱ ነውና። ዓለም አቀፉ የአስም መመሪያ ከ2019 ጀምሮ ዕድሜያቸው 12 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች በቬንቶሊን ብቻ እንዳይታከሙ ይመክራል። በአንድ ዓመት ውስጥ 3 ወይም ከዚያ በላይ የቬንቶሊን ጠርሙስ የሚጨርስ ሰው ለከባድ ሕመም የተጋለጠ ነው፤ ሳይውል ሳያድር ሐኪሙን ያነጋግር።

በቤትም የምንችለው አለ። ቡናችንን ተዉ አልልም፤ ማን ይሰማኛል? ነገር ግን ስንቆላ መስኮት ይከፈት፤ ቢቻል በረንዳ ላይ ይሁን። አስም ያለበት ልጅ ባለበት ክፍል ዕጣን ባይጨስ፣ ሲጋራም ባይጨስ። በላግ ባዖሜር ልጁ ከእሳቱ ራቅ ብሎ ነፋሱ ጭሱን በማያመጣበት በኩል ይቀመጥ፤ ቬንቶሊኑም በኪሱ ይሁን፣ አስተማሪውም ይወቅ። ትምህርት በሚከፈትበት በመስከረም ወር ጉንፋን ከልጅ ወደ ልጅ ስለሚዛመት አስም ይበዛል፤ ከዚያ በፊት መድኃኒቱ መኖሩንና ቀኑ አለማለፉን አረጋግጡ።

እኒያ እናት ባለፈው ሳምንት እንደገና መጥተው ነበር። ከላይ የተጻፈውን የዕብራይስጥ ወረቀት አብረን በፊደላችን የጻፍነው ያን ቀን ነው። ከዚያ እኔ ነርስ ሆንኩና «ማ ሽሎሞ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። እንደ ልማዳቸው «ባሩኽ...» ብለው ጀመሩና ሣቁ። ከዚያ ቀና ብለው «ሎ በሴዴር!» አሉኝ። ድምፃቸው ከቢሮው ውጭ ተሰማ፤ ባልደረባዬ ምን ሆናችሁ ብላ መጣች።

እናንተም ዛሬ ማታ ከቤተሰባችሁ ጋር ሆናችሁ ጮክ ብላችሁ ተለማመዱት። አያት ካሉ እርሳቸውም ይበሉት። የማያስፈልጋችሁ ቃል ያድርግላችሁ።

በሚቀጥለው ዕትም እስክንገናኝ ሰላምና ጤና ለሁላችሁም ይሁን።